በሳምንት 29 ጠያቂ ያጡት ሴሎቼ

ለክቡር ዶክተር ሲክስተን ሮስቫል
የጉልበት ሕክምና ክፍል የበላይ ኃላፊ
ጎተንበርግ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከፍ ያለ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ለእርስዎና ለባለቤትዎ፣ በተለይም ለሁለቱ ጉልበቶችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ጉልበቶችዎን ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሐምሌ ከባለ ሸራ ጀልባዎ ወደ እኔ የጀልባ ማቆሚያ እንደ ወጠጤ ሲዘሉ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ በአርባ ሰባት ዓመት ሰው ላይ እንዲህ ያለ ጉልበት ማየት ያስደስታል፣ እኩያዬ መሆንዎን ሳስታውስ ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ይሆናል።

ስለ አጠራሬ ትንሽ ማብራሪያ ይፈቀድልኝ። በአገራችን በስዊድን ሚኒስትሩም ጳጳሱም ዓሣ ሻጩም «አንተ» ነው የሚባለው፤ እኔና እርስዎም ዘጠኝ ዓመት ከሞላን ጀምሮ ስንባባል የኖርነው እንደዚያው ነው። ዛሬ ግን «ውድ ሲክስተን፣ እንዴት ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር ብዕር ባነሳ እጄ አሻፈረኝ አለ። «አንተ» የምለውን ሰው የማውቀው መስሎኝ ነበር። የማያውቁትን ሰው በማዕረጉ መጥራት ጨዋነት ስለሆነ፣ እስክተዋወቅዎ ድረስ ክቡርነትዎ እያልኩ እቀጥላለሁ።

በግል ሦስት ጊዜ ጽፌ መልስ ባለማግኘቴ የክቡርነትዎ ጊዜ ለፖስታ እንደማይበቃ ተረድቻለሁ፤ ስለዚህም በየሐሙሱ ከቁርስዎ ጋር እንደሚያነቡት በማውቀው በዚህ የደሴቶቻችን ጋዜጣ ላይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ለማያውቁኝ አንባቢያን፣ ቶርግኒ ሳንደሊን እባላለሁ፣ የሮርሆልም ደሴት ተወላጅ ነኝ። ሥራዬ ከውጭ የሚመጡ ትልልቅ መርከቦችን በዓለቶቻችን መካከል እየመራሁ ወደብ ማስገባት ነው። መርከብ ለእኛ ብሎ አይቆምም። በትንሽ ጀልባ ጎኑ ተጠግተን፣ ማዕበሉ ከፍ ባደረገን ቅጽበት ከላይ የተንጠለጠለውን የገመድ መሰላል ጨብጠን፣ ዘጠኝ ሜትር ያህል እንወጣለን። የዛሬ ሁለት ዓመት በኅዳር ነፋስ አንድ የእህል መርከብ ባልጠበቅኩት ሰዓት ጋደል ብሎ ቀኝ ጉልበቴን ከብረቱ ጋር አጋጨው። አጥንቴ አልተሰበረም፤ ነገር ግን በመገጣጠሚያው ውስጥ አጥንቱን የሚያለብሰው ልም አጥንት የአምስት ክሮና ሳንቲም በሚያህል ስፋት ተገምሶ ወጣ። ልም አጥንት ደግሞ አንዴ ከሄደ መልሶ አይበቅልም። ከዚያ ወዲህ ደረጃ የምወርደው ወደ ኋላዬ ዞሬ፣ መሰላል የምወጣው በሕልሜ ብቻ ነው።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ከደጃችን ነበር። ከሰውየው ከራሱ ጉልበት ሴል ወስዶ፣ በላቦራቶሪ አባዝቶ፣ በተጎዳው ቦታ መልሶ መትከል የተጀመረው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ የሩቅ አገር ሰዎች በክራንች እየመጡ በእግራቸው ሲመለሱ አይተን በኩራት ደረታችንን ነፍተናል። እርስዎም በዚህ ሥራ ስመ ጥር የሆነ ክፍል ይመሩ ስለነበር ሌላ ሐኪም ፍለጋ አላማተርኩም። ሌሎች «ጠርገነው ትገላገላለህ፣ ከዚያ ቢሮ ቁጭ ብለህ ወረቀት ታገላብጣለህ» ሲሉኝ፣ እርስዎ ወንበርዎ ላይ ተደላድለው ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «እኔ ቆሜማ አንተ ቢሮ አትቀመጥም፣ ቶርግኒ። የራስህን ሴል መልሼ እተክልልሃለሁ። እመነኝ በቃ።»

አመንኩዎት። ለማመኔም በቂ ምክንያት ነበረኝ፣ ምክንያቱም እርስዎ እኔን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አምነውኛል። ለበጋ የመጡ የከተማ ልጅ ሳሉ፣ ገና ዘጠኝ ዓመትዎ ላይ፣ አዲስ ጀልባዎን ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው፣ ውሃ ሥር ተጋድሞ ስለሚውል ደሴታችን «ሰነፉ» ብሎ በሚጠራው ዓለት ላይ ሰቀሏት፤ እኔም ቀዝፌ ሄጄ እያለቀሱ አወጣሁዎት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ፣ ዓመቱን ከጥር ጀምሮ በሳምንት በሚቆጥረው አገራችን አነጋገር በሳምንት 39፣ ጀልባዎን ለክረምት ወደ ከተማ ሲወስዱ እኔ ማቆሚያዬ ጫፍ ላይ ቆሜ በሁለት እጄ ግራ ቀኝ እያመለከትኩ አሳልፌዎታለሁ። አንድም ቀን የባሕር ካርታ ሲዘረጉ አይቼዎት አላውቅም። አምና እንኳ በዚህ ጉልበት፣ ምሶሶ ተደግፌ፣ በዝናብ ቆሜልዎታለሁ። እንግዲህ ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ቀጠሮው ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በሳምንት 24፣ ከበጋው አጋማሽ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የሰውነት ክብደት ከማያርፍበት የጉልበቴ ጠርዝ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ልም አጥንት በቀጭን መሣሪያ ወሰዱልኝ። ሴሎቹ የሚመገቡት ከባለቤታቸው ደም ተጣርቶ የሚወጣውን ውሃ ስለሆነም ደሜን በብዙ ብልቃጥ ሰጠሁ፤ ለራሴ ሴሎች ስንቅ ማቋጠሬ ስለነበር በደስታ ነው የሰጠሁት። ከዚያም እርስዎ ኮሪደሩ ላይ የተለጠፈውን የቀዶ ሕክምና ዕቅድ አየት አድርገው «አምስት ሳምንት ነው የሚፈጅባቸው፣ ሳምንት 29 ትተኛለህ፣ የምሰፋህም እኔው ነኝ» አሉኝ። እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። እዚህ አገር ተወልጄ አርባ ሰባት በጋ ካሳለፍኩ በኋላ በሳምንት 29 አንድ ነገር ይሠራል ብዬ ማመኔ የሕፃን ሥራ ነበር። ከሳምንት 28 እስከ 31 ስዊድን ተዘግታ እንደምትከርም ድመቶቻችን እንኳ ያውቃሉ። ዳቦ ቤቱ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ይጠፋል፣ ፋብሪካው ጭር ይላል፣ ጥርሱን የሚያመው ሰው ጥርሱን ነክሶ ነሐሴን ይጠብቃል።

ለካ በክፍልዎ ሁለት ወረቀቶች ኖረዋል። ኮሪደሩ ላይ ያለው «ሳምንት 29፣ ሳንደሊን፣ ቀኝ ጉልበት» ይላል። ሁለተኛው በቡና ክፍሉ ውስጥ ከማንቆርቆሪያው በላይ ከየካቲት ጀምሮ የተሰቀለው የእረፍት ዝርዝር ሲሆን፣ በእሱ መሠረት የቀዶ ሕክምናው ክፍል ከሳምንት 28 እስከ 31 ድረስ ዝግ ነው። ሁለቱንም የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ ያውም በዚያው በሚወዱት አረንጓዴ ብዕር። ማንም ሠራተኛ ትንፍሽ ያላለው፣ በአገራችን የእረፍት ዝርዝር ላይ ጥያቄ ማንሳት በሰው ሠርግ መሐል ተነስቶ ጋብቻውን እንደ መቃወም ስለሚቆጠር ነው። በሳምንት 28 መጨረሻ ዳርና ዳሩ ላይ ፀሐይ የተሳለበት ካርድ ከክፍልዎ ደረሰኝ፦ «ቀጠሮህ ወደ ሳምንት 33 ተዛውሯል፣ ሴሎችህ ይጠብቁሃል፣ መልካም በጋ።» እስከዚህ ድረስ ያለውን በሙሉ ልቤ ይቅር ብያለሁ። ሰው ይሳሳታል፣ ሰው እረፍት ይወጣል፣ እኔም ብሆን እወጣለሁ። ሴል ግን እረፍት የሚባል ነገር አያውቅም።

ሁለተኛ፤ በላቦራቶሪ ያገለገሉንን የወይዘሮ ማይከን ሄግሉንድን ትጋት ለማመስገን ዕድል ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ እርስዎ ሥራዎን ቢሠሩ ኖሮ ትጋታቸው አይታወቅም ነበር። እርሳቸው በዚህ ወር መጀመሪያ ጡረታ ወጥተዋል። ጡረታ በወጡ በማግስቱም በጀልባ ወደ ሮርሆልም መጥተው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤታችን ውስጥ ተቀምጠው ሁሉንም ነገሩኝ። «ስሜን ከነአባቴ ጻፈው» አሉኝ፣ «ከእንግዲህ ምን ሊያደርጉኝ ነው? የእረፍት ቀኔን ሊከለክሉኝ?»

ወይዘሮ ማይከን እንደነገሩኝ፣ ሴሎቼ ገና በአራተኛው ሳምንት ሳህናቸውን ሞልተው ነበር። «የአንተዎቹ ችኩሎች ነበሩ» አሉኝ፤ «ጠዋት ስገባ ተሰልፈው የሚጠብቁኝ ነው የሚመስለኝ። የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሴል እንኳ እንዲህ አይሮጥም።» በሳምንት 29 ሰኞ ወደ ክፍልዎ ሲደውሉ ያገኙት ሰው ሳይሆን በመቅረጫ የተነገረ ድምፅ ነው፤ በሳምንት 32 እንደምትመለሱ ገልጾ መልካም በጋ ተመኘላቸው። እርሳቸው ግን ከእህታቸው ጋር ወደ ሰሜን ሊሄዱ ያዘጋጁትን ሻንጣ ፈትተው፣ ባዶ ሕንፃ ውስጥ በየሁለት ቀኑ የሴሎቼን ምግብ ለመቀየር ቀሩ። የበጋ ቤትዎንም ስልክ ፈልገው አገኙ። በመጀመሪያው ቀን እርስዎ «ሴሎቹ ይጠብቁ» አሏቸው። ሐሙስ ዕለት ደግሞ፣ ቢያንስ ጥቂቶቹን በማቀዝቀዣ ላቆያቸው ብለው ሲለምኑ፣ ለዚያ የኃላፊው ፊርማ እንደሚያስፈልግና ሲመለሱ እንደሚፈርሙ ገለጹላቸው። የበጋ ቤትዎ ከላቦራቶሪው በጀልባና በአውቶቡስ ሰባ ደቂቃ ነው። ከእኔ ቤት ደግሞ ስድስት መቶ ሜትር ነው፤ አንድ ቃል ቢልኩብኝ በዚህ ጉልበቴ እያነከስኩም ቢሆን ወረቀቱን ይዤልዎት እመጣ ነበር።

በሳምንት 30 ረቡዕ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ደወሉልዎ። ያሉዎትን እርሳቸው በነገሩኝ መሠረት እጽፈዋለሁ፦ «ሲክስተን፣ አለቁ እኮ። ቦታ ጠቧቸው ከሳህኑ ተላቀው ተንሳፈፉ። ዛሬ አንድም የያዘ የለም።» ከእርስዎ በኩል የሬዲዮ ሙዚቃ ይሰማ ነበር። እርስዎም «በቃ፣ ድፊያቸው። ለማንም እንዳትናገሪ፣ ለቶርግኒ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አሉ። ወይዘሮ ማይከን እርስዎን አምነው ዝም አሉ። እንደሚያዩት እርስዎን ማመን በሽታው የብዙዎቻችን ነው።

ሦስተኛ፤ ይህችኛዋን ለጊዜው ልዝለላት። እጄ ገና አልደረሰባትም።

አራተኛ፤ ስለ ጽሑፍ ችሎታዎ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ። በሳምንት 33 ሰኞ፣ ባለቤቴ ሶልቬይ ፒጃማዬን አጣጥፋ፣ ምላጭና የንባብ መነጽሬን በቦርሳ ከትታልኝ፣ በጠዋቱ ጀልባ መጣሁ። በእንግዳ መቀበያው ያለችው ልጅ ቦርሳዬን አየችው፣ ዓይኗን ከእኔ አሸሸችና ፖስታ ሰጠችኝ። ውስጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ «የታካሚው ሴሎች የማደግ አቅማቸው ደካማ ሆኖ በመገኘቱ ቀዶ ሕክምናው ተሰርዟል።» ከግርጌው የአረንጓዴ ብዕር ፊርማ አለ።

ክቡር ሆይ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ለሦስት ሳምንታት አምኛታለሁ። ከነቦርሳዬ ወደ ቤቴ ተመልሼ ለሶልቬይ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ውስጤ አርጅቷል» አልኳት። እርሷ «አንተ መቼ ደክመህ ታውቃለህና ነው ሴልህ የሚደክመው? የሆነ ነገር አለ በዚህ ውስጥ» ብላ ስትሟገት እኔ ለእርስዎ ጥብቅና ቆምኩ። «ሲክስተን ካለ አለ ነው» ብዬ ተቆጣኋት። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ውስጥ ስለ ሌላ ሰው ብዬ ድምፄን ያነሳሁባት ያኔ ብቻ ነው። በገዛ ሥጋዬ አፈርኩ። ባልደረቦቼ ሲጠይቁኝ አንገቴን ደፍቼ «አልያዘልኝም» እላቸው ነበር። ለካ የእኔ ሴሎች ተሰልፈው ሲጠብቁ ያልመጣው ሌላ ነው።

ለጊዜው ለእርስዎ ቀላል የመሰለችው ይህች ዓረፍተ ነገር ከእኔ በፊት ደርሳ በር ትዘጋብኛለች። በምሥራቁ ጠረፍ ያለ ሌላ ክፍል ከጉልበቴ ጠርዝ ሁለተኛ ናሙና ወስዶ እንደገና ሊሞክርልኝ ፈቅዶ ነበር፤ የሕክምና መዝገቤ ሲደርሰው ግን «ሴሎቹ ደካማ ለሆኑበት ሰው አንደግምም» ብሎ በትሕትና መለሰልኝ። የሙያችን የጤና ቦርድ ደግሞ በሳምንት 41 ይሰበሰባል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሚያድን ሕክምና ለሚጠብቅ ሰው የሥራ ፈቃዱን አንድ ዓመት ያቆዩለታል፣ ተስፋ የሌለውን ግን ያሰናብቱታል። ተስፋ እንዳለኝና እንደሌለኝ የሚያዩት ከእርስዎ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

አምስተኛ፤ በዚህ ወር በሐኪሞች ጉባኤ ላይ ስላደረጉት ንግግር እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ። ለታዳሚው ባሳዩት ሥዕል ላይ ሃያ ሦስት ጉልበቶች በነጥብ ተመልክተው እንደነበርና፣ ከሁሉም በታች ለብቻዋ የቆመችው ቀይ ነጥብ «ሴሉ ማደግ ያልቻለ» ተብላ እንደ ነበር በአዳራሹ የነበሩት ወይዘሮ ማይከን ነግረውኛል። ያች ነጥብ እኔ ነኝ። በሥዕልዎ ላይ ጥሩ ቦታ ስለ ሰጡኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አሁን ወደ ዘለልኳት ወደ ሦስተኛዋ ልመለስ።

በሳምንት 30 ሐሙስ፣ ይኸውም ወይዘሮ ማይከን «አለቁ» ብለው በደወሉልዎ በማግስቱ፣ እኩለ ቀን ላይ ጀልባዎን ከእኔ ማቆሚያ አስረው፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩት እንደ ወጠጤ ዘለው ወጡ። ሶልቬይ ማከሬል የተባለውን ዓሣ አጭሳ፣ አዲስ ድንች በእንስላል ቀቅላ ነበር፤ እንደሚመጡ ስለምታውቅ የእርስዎን ወንበር ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ አስቀምጣለች። እኔ ያን ሰሞን ሴሎቼን ልጆቼ እያልኩ መቀለድ ለምዶብኝ ስለነበር ገና ሳይቀመጡ «እሺ፣ ልጆቼ እንዴት ናቸው?» ብዬ ጠየቅኩዎት። የመለሱልኝን አልረሳውም። «ምን ይሆናሉ ብለህ ነው፣ ለስላሳ አልጋ ላይ ተንደላቀው ተኝተዋል፣ ከእኔና ካንተ የተሻለ ነው የሚኖሩት» አሉኝ። ሶልቬይ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እርስዎም ሳቁ።

ከዚያም ብርጭቆዎን አንስተው «ለቶርግኒ ጉልበት» አሉ። እንደ አገራችን ወግ ከመጠጣታችን በፊት ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ጠጥተን ብርጭቆውን ከማስቀመጣችን በፊትም እንደገና ተያየን። ዓይንዎን አልሰበሩም፣ ክቡር ሆይ። እኔ በሥራዬ የስንት አገር ካፒቴን ዓይን አይቻለሁ፤ መርከቡ ውሃ እያስገባ «ሁሉ ደኅና ነው» የሚለኝን ሰው ገና ከመሰላሉ ጫፍ ላይ እለየዋለሁ። የእርስዎን ግን አልለየሁም። ሁለተኛ ዓሣ አነሱ፣ ድንቹን አመሰገኑ፣ ለመንገድ ሶልቬይ የጠቀለለችልዎትን ተቀብለው ሄዱ። እኔም ምሶሶውን ይዤ ጀልባዎ እስክትሰወር እጄን አውለበለብኩ።

ይህችን ቅሬታ በተራዋ ያልጻፍኳት ከሌሎቹ ስለምትከብደኝ ነው። ያን ቀን እውነቱን ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምሆን አውቃለሁ። ድንቹ እስኪቀዘቅዝ እቆጣ ነበር። ምናልባት ሳልሰናበትዎ ወደ ጀልባ ቤቴ እገባ ነበር። በነጋታው ግን «እሺ፣ እንደገና መቼ ነው የምትወስድልኝ?» ብዬ ደጅዎ እቆም ነበር፤ በሳምንት 32 ሁለተኛውን ናሙና ወስደው ቢሆን ደግሞ ይህን ደብዳቤ በሚያነቡበት ጊዜ እኔ እግሬን ሰቅዬ ተኝቼ፣ ልጆቼ ሲይዙ እጠብቅ ነበር። ሳምንት 29ን የወሰደብኝ የእረፍት ዝርዝሩ ነው፤ እሱን ይቅር ብዬዋለሁ። የቀረውን የወሰዱብኝ እርስዎ ነዎት፣ በእኔ ገበታ፣ የእኔን ዓሣ እየበሉ። ጉልበቴ ሲያመኝ የት ላይ እንደሚያመኝ በጣቴ ማሳየት እችላለሁ። ይህኛው የት እንደሚያመኝ ግን አላውቅም።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የማቀርበው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ካሳ አልጠየቅኩም፣ ይቅርታም አልጠበቅኩም፣ ማንም ከሥራው እንዲነሳ አልፈልግም። በሕክምና መዝገቤ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ትሰረዝና በምትኳ ስድስት ቃላት ይግቡ፦ «ሴሎቹ ደኅና ነበሩ፤ የሚተክላቸው ሰው አልነበረም።» አረንጓዴ ብዕርዎን እስኪያገኙት ድረስ ካልሆነ በስተቀር ከግማሽ ደቂቃ በላይ የሚፈጅ አይመስለኝም። ሳምንት 41 ከመድረሱ በፊት ቢፈጸምልኝ ወደ መሰላሌ የመመለስ ተስፋዬ ይቆይልኛል፤ ካለፈ ግን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም መርከብ ሳላስነካ ያቆየሁትን ፈቃድ አስረክባለሁ። በሕክምናው ክፍል የእረፍት ዝርዝር ላይ በሳምንት 40 የማንም ስም አለመኖሩን አስቀድሜ አጣርቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለን።

የክቡርነትዎን ውድ ጊዜ በማጥፋቴ እየተጸጸትኩ፣ ክፍልዎ የብዙዎችን ጉልበት እንዲያቀና፣ መዝገቦችዎም አብረው እንዲቀኑ፣ በጋዎ ረጅም፣ ብዕርዎ ቀለም የማይጎድለው፣ ገበታዎም በእንግዳ ሳይሆን በወዳጅ የተሞላ እንዲሆን ከልብ በመነጨ ትሕትና እመኛለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ የማደግ አቅሙ ደካማ የሆነው፣
ቶርግኒ ሳንደሊን
ሮርሆልም፣ ሳምንት 38፣ ሐሙስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ልማድዎ ጀልባዎን ለክረምት ወደ ከተማ ይወስዳሉ። ዘንድሮ ማቆሚያዬ ጫፍ ላይ አልቆምም፤ ጉልበቴ ስላቃተኝ አይደለም፣ አምና በዚሁ ጉልበት ቆሜልዎታለሁ። ስለዚህ ለዚች ብቻ ወደ ድሮው አጠራራችን ልመለስ። ሲክስተን፣ ምሥራቅ ነፋስ ከነፈሰ ውሃው ይወርዳል፤ ሰነፉ አይታይህም እንጂ ከጀልባህ ሆድ በታች አንድ ክንድ ላይ ነው ያለው። የቀዩ የጀልባ ቤት ጣሪያ ከነጩ የድንጋይ ክምር ጋር ልክ እስኪገጥም ድረስ ወደ ግራ ይዘህ ሂድ፤ ሳይገጥም እንዳትዞር። ይህን ዛሬ የምጽፍልህ፣ ፊቱ ያለውን ለማያውቅ ሰው የሚነገረው ከመድረሱ በፊት ስለሆነ ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።